ማን ነው የሚያነሳኝ?

መርየም ጆሮዋ መጀመሪያ የጮኸባት ቀን ወፍጮው ጸጥ ብሎ ነበር። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ እሷም ልብ አላለችውም።

የምትሠራው ደሴ፣ ሆጤ፣ የቀበሌው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው እህል ትቀበላለች፣ ከወፍጮው አፍ ትጨምራለች፣ ዱቄቱ ሲወርድ በጣቶቿ እያሸች መላም አለመላሙን ትናገራለች። ሞተሩ ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቺንጋ ይንጫጫል፤ ድንጋዩ እንደ ክረምት ወንዝ ያጉረመርማል። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው በአፉ አይነጋገርም፤ በእጁና በቅንድቡ ነው። የግድ ቃል ካስፈለገ ደግሞ ይጮሃል። መርየም ከዚያ ወጥታም ጩኸቱ ከአንደበቷ ስለማይለቅ ጎረቤቶቿ፣ "መርየም ዘንድ ምስጢር ያስቀመጠ ሰው ፒያሳ ላይ ይሰማዋል" እያሉ ይስቁባታል።

ያን ቀን ናፍጣ አለቀና የሞተሩ ባለሙያ በላቸው ወፍጮውን በጊዜ አጠፋው። መርየም ከነጠላዋ ላይ ዱቄቱን አራግፋ ደጅ ወጣች። ከጦሳ ተራራ ጉም እየወረደ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጥጥ ውስጥ የተጠቀለለ መሰለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከግራ ጆሮዋ አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሣ፤ ሊፈላ የተቃረበ ማንቆርቆሪያ የሚያሰማው ዓይነት፣ ሲር የሚል። ዞር አለች። ማንም የለም። ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። ድምፁ ከጣቷ ወዲያ፣ ውስጥ ቀረ።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ኡሙሰልማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሙሰበሃቸውን ዶቃ ይቆጥሩ ነበር።

"እቴቴ፣ ጆሮዬ ጮኸ።"

"የትኛው?"

"ግራው።"

"እንግዲያው ሐሜት ነው" አሉ ኡሙሰልማ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ሳይደነቁ። "ቀኝ ሲጮህ በደግ አነሱሽ፤ ግራ ሲጮህ በክፉ። በነቢዩ ላይ ሰለዋት አውርጂና የጠረጠርሻቸውን ስም ጥሪ። ስሙ ሲጠራ ጆሮሽ ጸጥ ካለ፣ ያ ሰው ነው።"

በሰፈሩ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያውቀው ዘዴ ነው። የሰው ጆሮ አልፎ አልፎ ይጮሃል፤ ወዲያውም ይተዋል። ስም መጥራት የጀመረ ሰው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጩኸቱ በራሱ ጊዜ ያቆማል። በዚህ የተነሣ በሆጤ ስንት ጎረቤት ሳያማ እንደ ሐሜተኛ ተቆጥሮ፣ ስንት ሰላምታ እንደተቋረጠ አላህ ነው የሚያውቀው። መርየም ግን ስም ብትጠራ፣ ብትጠራ፣ ጆሮዋ አልተወም። የጎረቤቷን የጣይባን ጠራች፤ የወርቅነሽን ጠራች፤ የሴቶች ማኅበሯን ሊቀመንበር የአልጣሽን ጠራች። ማንቆርቆሪያው ሲር ይላል።

ከዚያ የባሏን መንገድ አሰበች።

ባሏ ሰይድ የተሳቢ መኪና ሾፌር ነው። ከአሰብ ወደብ የመንግሥት ጭነት ይጭናል፤ ሚሌን፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ደሴ ከዚህ መንገድ ላይ የለችም፤ ከኮምቦልቻ በላይ፣ ከሐረጎ ዳገት ማዶ፣ ብርድና ጉም ውስጥ ተቀምጣለች። ስለዚህ ሰይድ ቤቱ ሊገባ አንድ ዳገት ሲቀረው ኮምቦልቻ ያድራል። ምክንያት አለው፤ ጭነቱ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ሰዓት እላፊ አለ። መርየም ምክንያቱን ታውቀዋለች። ቅናት ግን ምክንያት ሲነግሩት እሺ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚመለስ እንግዳ ነው። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ሰይድ ሌላ ሴት ቢያገባ የሚነቅፈው የለም። ይህንን ሲያነሳባት ሰምታው አታውቅም። አለማንሳቱም ያሳስባት ነበር።

አንድ ጊዜ እራት ላይ ምስሩን ቀምሶ፣ "ኮምቦልቻ ሥርጉት የምትባል ሴት አለች፤ የእሷ ምስር ነው ምስር!" ብሏት ነበር። ቀላል ንግግር ነው። መርየም ግን ያንን ስም እንደ እሾህ ተረከዟ ውስጥ ይዛው ስትራመድ ኖራለች። ሥርጉት ክርስቲያን ናት፤ ሰይድ እሷ ቤት ሥጋ አይበላም። ታዲያ ሥጋ የማይበላበት ቤት ምን ፈልጎ ይሄዳል? መርየም ይህን ጥያቄ ለራሷ ስታቀርብ መልሱ አብሮ ይመጣ ነበር።

እና አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ፣ ጆሮዋ እየጮኸ፣ ልብስ ልታወጣ ሳጥኗ ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ "ሥርጉት" አለች።

በዚያች ቅጽበት በረዶ መጣ። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንደ ጠጠር ዘነበ፤ ቤቱ በድምፅ ተሞላ፤ በትልቁ ድምፅ ውስጥ ትንሹ ድምፅ ጠፋ። መርየም በረዶውን አልሰማችውም ማለት ይቻላል። የሰማችው የጆሮዋን ዝም ማለት ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያ ረቢ" አለች፣ "አገኘኋት።"

በረዶው ሲያባራ ጩኸቱ ተመለሰ። ለእሷ ይህ ደግሞ ሌላ ማረጋገጫ ሆነ፤ ሴትዮዋ ስሟ ሲጠራ ደንግጣ ዝም ብላ ነበር፤ አሁን ሐሜቷን ቀጠለች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጆሮዋ እየባሰ ሄደ። መጀመሪያ ከሥራ ስትወጣ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጠዋት ስትነሣም ሆነ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ። ድምፁም እንደ ሰው አደገ። ማንቆርቆሪያ የነበረው የፌንጣ መንጋ ሆነ፤ ፌንጣው ሽቦ ላይ እንደሚያፏጭ ነፋስ ሆነ። የሱብሒ አዛን ከሩቅ ጨርቅ ውስጥ እንደተጠቀለለ ይመጣላት ጀመር። በማኅበር ስብሰባ አልጣሽ መግለጫ ስታነብ የከንፈሯን መንቀሳቀስ ብቻ ታያለች፤ ሴቶቹ ሲስቁ በእሷ የሳቁ ይመስላታል። ሐኪም ቤት ሄዳ ለአንድ ድሬሰር አሳየችው። ጆሮዋን በመብራት አየና፣

"ወፍጮ ቤት ነው የምትሠሪ? እሱ ነው። ከሞተሩ ራቂ" አላት።

"ወፍጮው እሑድ ዝግ ነው" አለችው መርየም። "ጆሮዬ እሑድም ይጮሃል። ሞተሩ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል እንዴ?"

ድሬሰሩ ጠብታ ጽፎ ሸኛት። እሷ በክርክሩ ያሸነፈች መሰላት።

ደግሞ ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ጩኸቱ የማይሰማት አንድ ቦታ ነበር፤ ያው ወፍጮ ቤቱ። ሞተሩ ሲነሳ ጆሮዋ ያርፋል። ፊቷ ይፈታል፣ ትከሻዋ ይወርዳል። ሌሎች ሠራተኞች ለመውጣት ሲቸኩሉ እሷ፣ "የቀረውን እኔ አስፈጫለሁ" ትላለች። በላቸው ትጋቷን ያደንቃል። እሷ በልቧ፣ "ይቺ ሸይጣን ሥራ ቦታዬን ትፈራለች" ትላለች። ያሳመማት ነገር እቅፍ ውስጥ ገብታ ከሕመሟ ስታርፍ፣ ማታ ስትወጣ ሕመሙ በእጥፍ ይጠብቃት ነበር።

ከዚያ ቀኙ ጆሮ ተጨመረ።

"እቴቴ፣ አሁን ሁለቱም ናቸው።"

ኡሙሰልማ ሙሰበሃቸውን አቆሙ። "ሁለቱም ባንድ ጊዜ? እንግዲያው አንዱ ያማሻል፣ አንዱ ያወድስሻል።"

መርየም ነገሩን አልጋ ላይ ተቀምጣ አገላበጠችው፤ ከዚያም እንደ ቀትር ፀሐይ ፍንትው ብሎ ታያት። ሁለቱ አብረው ተቀምጠዋል ማለት ነው! ግራው ሥርጉት ናት፤ ቀኙ ሰይድ ነው። እሷ ታማለች፤ እሱ ይከራከርላታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ ስታጥብም፣ ጎመን ስትቀነጥስም፣ እንደ ዳኛ ሁለቱን ጆሮዎቿን ታዳምጣለች። ቀኙ ሲበረታ፣ "አበጀህ፣ እንደሱ በላት" ትላለች። ግራው ሲበረታ፣ "ዝም አሰኘችው፤ አሁን ጭኑ ላይ እጇን ጣለች" ትላለች፤ እና የምትቀነጥሰው ጎመን ይደቅቃል።

ሰይድን ቤት በመጣ ቁጥር፣ ስም ሳትጠራ፣ የት አደርክ እያለች ስትጨቀጭቀው ሦስተኛ ክረምቱ ሆነ፤ በዚያ ሰሞን ከአሰብ ተምርና አዲስ ሽርጥ ይዞ መጣ። በር ላይ ጫማውን እየፈታ፣ ጀርባውን ሰጥቷት አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አልክ?"

"ተይው፣ ምንም አይደለም።"

ለማይሰማ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም። መርየም የተምሩን ጥቅል አስቀመጠች።

"ለእኔ ሲሆን ምንም አይደለም። ለሥርጉት ቢሆን ደግመህ ትነግራት ነበር።"

ሰይድ አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀና አለ። "ደሞ ሥርጉት ማነች?"

"ምስሯ የሚጥመው!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ምስር እኮ ነው የበላሁት!"

"ሰው ለምስር ብሎ አንድ ዳገት ሲቀረው ከቤቱ ውጪ አያድርም።"

"የመንግሥት ጭነት ነው፤ አንድ ኬሻ ቢጎድል የምታሰረው እኔ ነኝ። ጭነቱን አንቺ መጥተሽ ትጠብቂልኛለሽ?"

"ወይ ኮምቦልቻን ተው፣ ወይ ፍታኝ።"

"ኮምቦልቻን ሳይነካ ከአሰብ የሚወጣ መንገድ ካለ አሳዪኝና በሱ ልሂድ።"

"እንግዲያው ፍታኝ!" አለች። ድምፅዋ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነበር፤ ከአጥር ማዶ ጣይባ ሰማችው፤ ከጣይባ ማዶም ሰሙት።

ሰይድ ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነው። አሁን አልቀለደም። ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

"ሦስት ክረምት ሙሉ ያልሠራሁትን ስጠየቅ ኖርኩ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሸህ ሙሄዲንን ይዤ እመጣለሁ። አሁን ያልሽውን በእሳቸው ፊት ድገሚው። ከደገምሽው፣ ወላሂ እፈታሻለሁ።"

ወጥቶ ሄደ። መርየም አንድ ነገር እንዲላት ጠብቃ ነበር፤ "ተይ እንጂ የኔ ዓለም" እንዲላት። ፍቺ ፈልጋ አታውቅም። የፈለገችው እንዲለምናት ነበር። አሁን ግን ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አርብን እየጠበቃት ነው። ብትደግመው ትዳሯ ያበቃል፤ ብትውጠው የውሸተኛ ስም ይለጠፍባታል። አንድ መውጫ ብቻ ታያት፤ ሥርጉትን ማሳመን። ሴትዮዋ ከተናዘዘች ጥፋቱ የሰይድ ይሆናል፤ ሸሁም እንዲተዋት ያስምሉታል፤ ቤቷም አይፈርስም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ልትወርድ ስትነሣ ኡሙሰልማ አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በዚህ ዱቄት በዋጠው ቀሚስ? ግቢና ለውጪ። ብትቀኚም አምረሽ ቅኚ።"

ለወጠች። ኩሏን ተኳለች፤ ለዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ አጠለቀች፤ ከፒያሳ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሐረጎን ሲወርዱ ጆሮዋ ተደፈነ፤ ጩኸቱም በተዘጋ ቤት ውስጥ እንዳለ ዝንብ ጭንቅላቷን መታው። ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ብርዱ ይለቅና ሙቀቱ ይቀበላቸዋል። ነጠላዋን አወለቀች። "ሰውዬው ለምን እዚህ እንደሚያድር ገባኝ" አለች በልቧ፤ "አየሩም ከእኔ ይሞቃል።"

የሥርጉት ምግብ ቤት ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ተሳቢዎች ከተደረደሩበት ፊት ለፊት ነበር። መርየም መንገዱን ሁሉ በሐሳቧ አንዲት የምትናቅ ሴት ስትሠራ መጥታ ነበር፤ ጥርሰ ወልካፋ፣ ቀለም የተቀባች። ያገኘቻት ግን ቆንጆ ነበረች። ቁመቷ ዘንጋ ያለ፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት የተደረደረ፣ ስትስቅ ጉሮሮዋ የሚታይ፣ በአንድ እጇ አራት ሰሃን የምትይዝ ሴት። መርየም ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ይህ ሁሉ ሊሆን አይገባውም ነበር ብላ አሰበች። ሰው እንዴት ቆንጆም፣ ሙያተኛም፣ ሳቂታም ይሆናል?

"ሥርጉት የምትባል አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እህቴ፣ ግቢ። ሽሮ ነው ምስር?"

"ባሌን ነው።"

ሥርጉት ሰሃኖቹን አስቀመጠች። "ባል አልቋል። ምስር አለ።"

ሾፌሮቹ ሳቁ። መርየም ሳቁን አልሰማችውም፤ አፎቹ ሲከፈቱ ግን አየች፤ ፊቷ ነደደ። "ስሜን ማንሳት ተዪ!" ብላ በወፍጮ ቤት ድምፅ ጮኸች። "ሦስት ክረምት አሳረፍሽኝ? ከባሌ ጋር ቁጭ ብለሽ አንቺ ታሚኛለሽ፣ እሱ ይሟገትልኛል፤ ሁሉንም እሰማለሁ!"

 ሥርጉት እጇን በሽርጧ ጠረገችና ቀረብ አለች።

"ስምሽ ማነው?"

"አታውቂውም እንዴ?"

"ባውቀው እጠይቅሻለሁ?"

መርየም አጠገቧ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ነገረቻት፤ ስለ ግራው፣ ስለ ቀኙ፣ ስም ስትጠራ ጸጥ ስላለው። ነገሩ ሥርጉትን አላሳቃትም። የእሷም እናት ያንኑ ዘዴ ታውቅ ነበር።

"አሁንስ ይጮሃል?"

"ይጮሃል።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

ሥርጉት ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ከጠረጴዛው ላይ የውኃ ብርጭቆ አነሣች። "ውኃ በአፉ የያዘ ሰው አያማም። ተመልከቺኝ" አለችና ጉንጯ እስኪነፋ ጎነጨች፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ አጠፈች።

ተያዩ። አንድ ሾፌር ዳቦ ጠየቀ፤ ሥርጉት በእጇ አንተው አንሣ አለችው። ሌላው ሂሳብ አለ፤ በጣቷ ቆይ አለችው። ዓይኗን ከመርየም ዓይን አልነቀለችም። ጉንጯ እንደ ነጋሪት ተወጥሯል፤ ዓይኗ ግን ቁም ነገረኛ ነው። መርየም አፍንጫዋ ድረስ ተጠግታ ጠበቀች። ግራ ጆሮዋ ጮኸ። በሴትዮዋ የተነፋ ጉንጭ ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ያው ድምፅ፣ ሳይቀንስ፣ ሳይደነግጥ ጮኸ።

ሥርጉት ውኃውን ዋጠች። "ተወሽ?"

መርየም ራሷን ነቀነቀች፤ አልተዋትም።

"እስቲ እኔም ልስማው" አለችና ሥርጉት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከመርየም ጆሮ ጋር ገጠመች። ሁለቱ ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ እንደሚሳሳሙ እህትማማቾች ለጥቂት ጊዜ ቆዩ።

"ምንም የለም" አለች ሥርጉት ቀስ ብላ። "ጸጥ ያለ ነው።"

"ላንቺ ነው ጸጥ ያለው።"

"እህቴ፣ የሚያነሳሽ የለም።"

ይህ ቃል መርየም ከተዘጋጀችበት ስድብ ሁሉ የከፋ ሆነባት። ሦስት ክረምት ሙሉ በሰው አፍ ውስጥ ስትኖር ነበር። በክፉም ቢሆን፣ ቀንም ሌትም የሚያስባት ሰው ነበራት። አሁን አፉ ባዶ ሆኖ አየችው።

"ሰይድስ?" አለች። "ረጅሙ፣ ምስር የሚበላው?"

"እሱ? እሱ የሚያወራው ስለ ጎማ ነው። ስለ ጎማ ጀምሮ ስለ ጎማ ይጨርስና ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚያ ቀስቅሼ ወደ መኪናው እሰደዋለሁ።"

"ስለ እኔስ? አንድ ቀን እንኳ?"

ሥርጉት አፏን ከፈተች። ልትዋሽላት ፈልጋ ነበር፤ ከፊቷ ያስታውቃል። አልቻለችም። "ባለ ትዳር መሆኑንም ዛሬ ነው የሰማሁት።"

"ለምን ደበቀሽ?" መርየም ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ቅናቱ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ረመጥ ቦግ አለ።

"አንቺ ልጅ፣ ጎማ ሚስት የላት፣ በምን አጋጣሚ ያንሳሽ?"

ሾፌሮቹ አሁንም ሳቁ። በዚህኛው ጊዜ መርየምም ሳታስበው ሳቀች፤ ከሳቁ በኋላ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሥርጉት ምስር አቀረበችላት። መርየም ቀመሰችው። ይጥማል። ይህንንም ይቅር ማለት ከበዳት።

ወደ ደሴ ስትመለስ አውቶቡሱ ሐረጎን በማርሽ እየቃተተ ወጣ። መስኮቱ ላይ ተደግፋ ነገሩን አሰላሰለችው። ሥርጉትን መርገም ይቻል ነበር። ሰይድን መጥላት ይቻል ነበር። ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ አንዷ ኮምቦልቻ ናት፣ አንዱ መንገድ ላይ ነው፤ አውቶቡስ ይዘው ሄደው ይጮሁባቸዋል። ይህ ድምፅ ግን ከማንም አይመጣም። የሚከሰስ የለውም። ከቅናቷ ጋር ስትኖር ቢያንስ አንድ ቀን አሸንፋ ጸጥ እንደምታሰኘው ታስብ ነበር። አሁን የሥርጉትን ቆንጆ አንገት መልሳ ልትጠላው ሞከረች፤ ከጭንቀቷ የሚቀል ሆኖ ስለታያት። አልሆነላትም።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰይድ ሸህ ሙሄዲንን ይዞ መጣ። በጎረቤትነት ደግሞ በላቸው ተጠራ፤ በሆጤ የእስላም ሽምግልና ላይ ክርስቲያን መቀመጡ፣ በክርስቲያኑም ላይ እስላም መቀመጡ እንግዳ ነገር አይደለም። ኡሙሰልማ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሰይድ መርየምን አላያትም፤ የምንጣፉን ጠርዝ ነው የሚያየው።

ሸህ ሙሄዲን ድምፃቸው ለስላሳ፣ ጺማቸው ሙሉ ነው። ተናገሩ። መርየም ጺማቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ ከንፈራቸውን ግን ማየት አልቻለችም። ነፋሱ በሁለቱም ጆሮዋ ያፏጫል። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ፤ መልስ እየተጠበቀ ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን ገምታ ትመልስ ነበር። ገምታ ብትመልስ ግን ዛሬ አንድ "አዎ" ትዳሯን ይወስደዋል።

"ሸሃችን" አለች፣ "አልሰማሁም። ጮክ ይበሉልኝ። ጆሮዬ ታሟል።"

ይህን ቃል እስከዚያን ቀን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ጮኸብኝ ብላለች፣ አሙኝ ብላለች፤ ታመመ ግን ብላ አታውቅም። ሰይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካንተ ጋር መጣላት ከጀመርኩ ጀምሮ። ሰው የሚያማኝ መስሎኝ ነበር።"

በላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲር የሚል ነው? እንደ ፌንጣ?"

"አዎ!"

"የኔም ግራው ከሄደ ቆይቷል። እኔ አማቴን ነበር የጠረጠርኳት። አፈር ይቅለላትና እስክትሞት ድረስ እሷ ናት እል ነበር። ሞተች። ለቅሶዋ ላይ ቁጭ ብዬ ያው ይጮሃል!"

ሸሁ ሳቃቸውን በጺማቸው ውስጥ ደበቁ። መርየም ግን ተቆጣች። "ታዲያ አብረን ስንሠራ ለምን አልነገርከኝም?"

"ወፍጮ ቤት ውስጥ? ማን ይሰማኛል ብዬ ልንገርሽ?" አለ በላቸው። ከዚያ ፊቱ ከበደ። "ሞተሩ ነው መርየም። እዚያ ስትገቢ ያርፍሻል፤ እዚያው ነው የሚጨርስሽ። እኔ የሞተር ሰው ነኝ፣ የት እሄዳለሁ። አንቺ ግን ውጪ።"

ለመርየም ከዚያ ቤት መውጣት ማለት በቀን ውስጥ ያላትን ብቸኛ ዕረፍት መተው ነው። የሚያንገበግብ ምርጫ ነበር፤ ማንም ያልተረዳላት፣ ከበላቸው በቀር። "ከሰኞ ጀምሮ አልገባም" አለች በመጨረሻ።

ሸህ ሙሄዲን ወደ እሷ ተጠጉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ልጄ፣ ሰይድ ምሏል። ያልሽውን ከደገምሽው ይፈታሻል። ትደግሚዋለሽ ወይ?"

"አልደግመውም።"

ኡሙሰልማ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። የሰይድ ፊት ግን አልተፈታም፤ ሦስት ክረምት በአንድ ቃል አይታጠብም።

"ትናንት ከቤት አልነበርሽም አሉኝ" አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ቃሉን እየለየ።

"ሥርጉት ዘንድ ሄጄ ነበር።"

"ሥርጉት ዘንድ!" ግንባሩን መታ። "ምን አለችሽ?"

"ስለ ጎማ ያወራል አለችኝ። ስለ ሚስቱ አንድም ቀን አያወራም አለችኝ።"

"የሚስት ነገር በሰው ቤት፣ በሾፌር መሐል ይወራል እንዴ?" አለ ሰይድ፣ በእውነት ተገርሞ። "ስምሽን እዚያ ላንሣው?"

ይህ መልስ ደስ ሊያሰኛት ይገባ ነበር። ግማሹን ደስ አሰኛት። ግማሹ ግን፣ ሆን ብለህ ባታነሣውም፣ እንቅልፍ ሲወስድህ እንኳ ከአፍህ ቢያመልጥህ ምን ነበር፣ እያለ ውስጥ ውስጡን ተብሰከሰከ። አልተናገረችውም። ሰይድ ከነበረበት ተነሥቶ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ በቀኝ በኩል፣ የተሻለ ትሰማለች ብሎ በገመተው በኩል። ዘግይቶ የጀመረው ቀኙ ብሶ፣ የተሻለው ግራው ነበር። ይህንንም አልነገረችውም።

ሸህ ሙሄዲን ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ፤ በላቸውም ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ማለትም ለእነሱ ጸጥ አለ። መርየም ዓይኗን አልጨፈነችም። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ በየራሳቸው ውስጥ ያን ሁሉ ጸጥታ ይዘው፣ እንዳላቸውም ሳያውቁት ተቀምጠዋል። ወደ ሰይድ ዞረች። ዓይኑን ጨፍኗል፤ መዳፎቹ በሞተር ዘይት እንደጠቆሩ ተዘርግተዋል፤ ፊቱ ላይ እንደ ጠዋት ውኃ ያለ ዕረፍት አለ። እስከዚያን ቀን የምትቀናው በመንገዱ በሚያገኛቸው ሴቶች ሁሉ ነበር። አሁን በራሱ በሰይድ ቀናች፤ ከቅናቶቿ ሁሉ በከበደ፣ ማንንም ሊጎዳ በማይችል ቅናት።

የሸሁ ጺም መንቀሳቀሱን አቆመ። የሰዎቹ ከንፈሮች አንድ ላይ ተከፈቱ። መርየም አይታ፣ ከሁሉም ኋላ፣ "አሚን" አለች።